ሁለት ምጣድና 64 ቢት

ሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ አሌክሳንድሪያ ኮምፒውተር ሊገዛ የወጣ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው «ስንት ጊጋኸርዝ ነው?» ብሎ ነው። ጥያቄው ግን አርጅቷል። የኢንቴል ፔንቲየም 4 በ2004 (እ.ኤ.አ.) 3.8 ጊጋኸርዝ ላይ ቆመ፤ ሙቀቱ አላላውስ ስላለ የ4 ጊጋኸርዙ ዕቅድ በዚያው ዓመት ተሰረዘ።

ምጣድ ከልክ በላይ ሲግል እንጀራው ያርራል። የሚሻለው ሁለተኛ ምጣድ መጣድ ነው። በ2005 የወጡት የኢንቴል ፔንቲየም ዲ እና የኤኤምዲ አትሎን 64 ኤክስ2 ይህንኑ አደረጉ፦ በአንድ ፕሮሰሰር ሁለት ኮር። ሆኖም አንድ እንጀራ ሁለት ምጣድ ላይ አይጋገርም፤ ፕሮግራማችሁ ሥራውን በትሬድ ካልከፋፈለ ሁለተኛው ኮር አያፈጥነውም።

64 ቢት ሌላ ጉዳይ ነው። ባለ 32 ቢት አድራሻ የሚደርሰው እስከ 4,294,967,296 ባይት፣ ማለትም 4 ጊጋባይት ብቻ ነው። ኤኤምዲ በ2003 ያወጣው አትሎን 64 ይህን ገደብ ሲያነሳ ባለ 32 ቢት ፕሮግራሞችንም ማስኬዱን አልተወም።

ጣጣው ያለው ዊንዶውስ ላይ ነው። ባለ 64 ቢቱ ዊንዶውስ ባለ 16 ቢት ፕሮግራም አይከፍትም፤ ባለ 32 ቢት ድራይቨርም አይቀበልም። የአማርኛ መጻፊያችሁ የዊንዶውስ 3.1 ዘመን ከሆነ አብሯችሁ አይሻገርም። ስለዚህ ፕሮግራሙ እየሠራ ሳለ የድሮ ጽሑፎቻችሁን ወደ ዩኒኮድ ቀይሩ። ፕሮግራመሮችም የኪቦርድ ፕሮግራማችሁን ለ64 ቢት እንደገና ኮምፓይል አድርጉ፤ ባለ 32 ቢት ዲኤልኤል ባለ 64 ቢት ፕሮግራም ውስጥ አይገባም።