ብሩስ የሚባለው ስምና የእኛ ትውልድ ቆጠራ

ከጥቂት ጊዜ በፊት ለትምህርት ወደ ውጭ አገር ለመሄድ ያሰበ አንድ ጓደኛችን የማመልከቻ ወረቀት ይዞ ወደ መኝታ ክፍላችን መጣ። ወረቀቱ ስምህን ጻፍ ይላል፤ ጻፈ። ቀጥሎ «የቤተሰብ ስም» ይላል፤ እዚህ ላይ ብዕሩን አስቀመጠ። ያባቱን ስም ቢጽፍ ወንድሞቹና እኅቶቹ ይጋሩታል፤ አባቱ ግን አይጋሩትም። ያያቱን ስም ቢጽፍ ደግሞ አባቱ በራሳቸው ወረቀት ላይ ያስጻፉት የርሳቸውን አያት ስም ስለ ሆነ፣ አባትና ልጅ በወረቀት ባዕድ ሆነው ይገኛሉ። እናቱንማ የጠየቀ የለም። በክፍሉ የነበርነው ስድስት ተማሮች ስድስት ዓይነት ምክር ሰጠነው፤ ክርክሩም እስከ እራት ሰዓት ዘለቀ።

ነገሩ ስላልለቀቀኝ ሌላው ዓለም «የቤተሰብ ስም» የሚለው ነገር ከምን እንደ ተነሣ ለማወቅ አንዱን ስም ከሥሩ ጀምሬ ተከታተልሁ። የመረጥሁት ብሩስ የሚባለውን የስኮትላንድ ስም ነው። ምክንያቱም ከቡሬና ከፍኖተ ሰላም በስተሰሜን፣ በሰከላ ወረዳ፣ በግሽ ዓባይ ምንጭ ላይ ከ250 ዓመት በፊት የቆመ አንድ ብሩስ ስለ ነበረ ነው። አንባቢ እንዳይደናገር፣ ዓ.ም. ካላልሁ በቀር የምጠቅሰው ዘመን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ስሙ የተጀመረው ከሰው ሳይሆን ከቦታ ነው። በፈረንሳይ አገር በኖርማንዲ፣ ከሸርቡር ከተማ ብዙም ሳይርቅ፣ ብሪክስ የምትባል መንደር አለች። ኖርማኖች በ1066 እንግሊዝን ከያዙ በኋላ ከዚያች መንደር የመጡ መኳንንት በሰሜን እንግሊዝ መሬት አገኙ። ከእነርሱም አንዱን ሮበርትን የስኮትላንድ ንጉሥ ቀዳማዊ ዳዊት በ1124 የአናንዴልን ሸለቆ ሰጠው። በእኛ አጻጻፍ ቢሆን «ሮበርት ዘብሩስ» ይባል ነበር። ኋላ «ዘ» የሚለው ተቆርጦ ቀረና ያገር ስም የነበረው የሰው ስም ሆነ። መንደሪቱን አይተዋት የማያውቁ የልጅ ልጆች ሁሉ በስሟ ተጠሩ።

ከዚህ ቤት የተወለደው ሌላው ሮበርት ብሩስ በ1306 ነገሠ፤ በ1314 በባኖክበርን ጦርነት የእንግሊዝን ንጉሥ ዳግማዊ ኤድዋርድን ድል ነሣ። ልጁ ዳግማዊ ዳዊት በ1371 ያለ ልጅ ሲሞት ዙፋኑ ወደ እኅቱ ልጅ ወደ ሮበርት ስቱዋርት ተላለፈ። ደሙ ያው የብሩስ ደም ነው፤ ነገር ግን በሴት በኩል ስላለፈ የነገሥታቱ ቤት ስም ስቱዋርት ሆነ።

ከዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጥመው። ከባኖክበርን ብዙ በማይርቅ ኪናርድ በሚባል ርስት ላይ ሌላ የብሩስ ቅርንጫፍ ይኖር ነበር። ወራሽ ሆና የቀረችው ሔለን ብሩስ የምትባል ሴት ናት። ያገባት ሰው ዴቪድ ሔይ ይባላል። እንደ ነገሥታቱ ቤት ቢሆን ኖሮ ልጆቻቸው ሔይ ይባሉ ነበር። ግን ርስቱ ከስሙ ጋር እንዲሄድ ስለ ተፈለገ ባልየው የብሩስን ስም ለመያዝ ተስማማ፤ ልጃቸውም ዴቪድ ብሩስ ተባለ። የዚህ ዴቪድ ልጅ በ1730 የተወለደው ጀምስ ብሩስ ነው፤ ግሽ ዓባይ የመጣውም እርሱ ነው። እንግዲህ በወንድ ሐረግ ብንቆጥረው ብሩስ ሳይሆን ሔይ ነው ማለት ነው።

ይህን ነገር አገር ቤት በሄድሁበት ጊዜ ለአንድ ሽማግሌ ዘመዴ ነገርኋቸው። ጥቂት አሰቡና «መሬቱ በሚስቲቱ በኩል የደረሳቸው ከሆነ ድርሻቸው ነው፤ ታዲያ ስም ማስለወጡ ምን ያደርጋል? ቆጥረው አይገቡም ኖሯል?» አሉኝ። እኔ በብዙ መጽሐፍ ገልጬ ያላገኘሁትን ልዩነት እርሳቸው ባንድ ጥያቄ አወጡት።

ምክንያቱም የጎጃም ርስት አሠራር እንዲህ ነበር። አገሩን መጀመሪያ ያቀናው ሰው ዋና አባት ይባላል፤ መሬቱም በርሱ ስም ይጠራል። ከርሱ በታች በየልጆቹ የተከፈለው ደግሞ ምንዝር አባት ነው። ርስት የሚጠይቅ ሰው ከራሱ ጀምሮ ወደ ላይ እየቆጠረ እስከዚያ አባት ይደርሳል፤ ሲቆጥር አንዱን ደረጃ በእናቱ፣ ሌላውን ባያቱ በኩል ቢያልፍ አይከለከልም። ፈጅ የተባለው የአባቱ ወኪል ቆጠራውን ሰምቶ ያከፋፍላል። አለን ሆበን የሚባል አሜሪካዊ ምሁር በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከፍኖተ ሰላም ወደ ላይ ባለው በደጋ ዳሞት ተቀምጦ ይህንኑ አጥንቶ በ1973 መጽሐፍ አውጥቷል፤ የጎጃም ልጅ የሆነ ተማሪ ሁሉ ቢያነበው አይጸጸትም።

ስለዚህ በስኮትላንድ ስሙ ከሰው ጋር ይጓዛል፤ መሬቱን ትቶ ባሕር ተሻግሮም ይሄዳል። በዳሞት ግን ስሙ በመሬቱ ላይ ተቀምጦ ይቀራል፤ ሰዎቹም እያንዳንዳቸው ባባታቸው ስም ብቻ እየተጠሩ በቆጠራ ወደ እርሱ ይመለሳሉ። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። አንድ ሰው ስምንት ቅድመ አያቶች አሉት። የቤተሰብ ስም ከስምንቱ አንዱን ይዞ ሰባቱን ይሸፍናል፤ ከተሸፈኑትም መካከል አራቱ ሴቶች አንድ ሳይቀሩ አሉበት። ሔለን ብሩስ ባለ ርስት ባትሆን ኖሮ እርሷም ተሸፍና ነበር የምትቀረው። የኛ ቆጠራ ስምንቱንም ይፈልጋል።

ይህን ስል የርስትን ሥርዓት ለማሞገስ አይደለም። ቆጠራው ሙግት ይወልድ ነበር፤ ሙግቱም ካባት ወደ ልጅ ይወርስ ነበር፤ አንደበትና ወገን ያለው ሰው ድሀውን በቆጠራ ይረታው እንደ ነበረ ሽማግሌዎቻችን ራሳቸው አይክዱም።

ወደ ጀምስ ብሩስ እንመለስ። በ1769 በምጽዋ ገባ፤ በ1770 የካቲት ላይ ጎንደር ደረሰ። ዘመኑ የዳግማዊ ተክለ ሃይማኖትና የራስ ሚካኤል ስሑል ዘመን ነው። በጎንደር ቤተ መንግሥት ብሩስ ብሎ የጠራው አልነበረም። እርሱ ራሱ እንደ ጻፈው ያጉቤ ይሉት ነበር፤ ይኸውም ያዕቆብ ማለት ነው፤ ጀምስ የሚለው ስም ከያዕቆብ የወጣ ነውና። ያገራችን ሰዎች በራሳቸው ደንብ የተጸውዖ ስሙን ያዙና በስኮትላንድ ደም የፈሰሰለትን፣ ሰው ስሙን የለወጠለትን ብሩስን ከጎንደር ደጅ አስቀሩት።

ንጉሡ ግሽን በጉልት መልክ እንደ ሰጡት ብሩስ ጽፏል። በኖቬምበር 4 ቀን 1770፣ ማለት በጥቅምት 1763 ዓ.ም.፣ ከምንጩ ደረሰ። በኮኮነት ቅርፊት ውሃ ቀድቶ ለእንግሊዝ ንጉሥ ለሣልሳዊ ጆርጅ ጤና ጠጣ። ያስተናገዱት የምንጩ አገልጋይና ያገሩ ሹም የነበሩት አገው ክፍለ ዓባይ ይባላሉ። አንዱ ስሙን በወንዙ ላይ ለመጻፍ ባሕር አቋርጦ መጣ፤ ሌላው የወንዙን ስም ተሸክሞ ደጁ ላይ ተቀምጦ ጠበቀው። (በነገራችን ላይ በግሽ የሚከበሩት ጻድቅ አቡነ ዘርዐ ብሩክ ናቸው። ብሩክና ብሩስ በድምፅ ቢቀራረቡም የሚያገናኛቸው ነገር የለም፤ እንዳትሳሳቱ።)

ብሩስ ለስሙ የነበረው ቅናት ከባድ ነበር። ጳውሎስ እንዳይባል የምፈራው ፔድሮ ፓኤዝ የሚባለው የስፓኝ ካህን በ1618 ማለት ከርሱ 152 ዓመት ቀድሞ ምንጩን አይቶ ነበር፤ ብሩስ ግን በመጽሐፉ አላየም ብሎ ተከራከረ። ከዚህም የባሰ፣ ሉዊጂ ባሉጋኒ የተባለ የቦሎኛ ሠዓሊ አብሮት ግሽ ሄዶ ነበር። ባሉጋኒ በ1771 ጎንደር ላይ ሞተ። ብሩስ ግን በ1790 ባሳተመው መጽሐፍ ከጉዞው በፊት እንደ ሞተ አድርጎ ጻፈ። ሠዓሊው በመንገድ ላይ በእጁ የጻፈው ማስታወሻ ተርፎ ባይገኝ ኖሮ እውነቱ ባልታወቀ ነበር።

ስሙም እንደ ተመኘው ተዘራለት። ብሩስ በተቅማጥ ታሞ ሳለ በአንድ ያገራችን ተክል ዳነ፤ ተክሉም ዋጊኖስ ነው። በ1779 የሳይንስ ስም ሲወጣለት «ብሩሴያ» ተባለ። መድኃኒትነቱን ያስተማሩት ሰዎች ስም ግን በዚያ የለም። ቀጥሎ የመጣው ነገር ያስቃል፤ በ1819 ሁለት የፈረንሳይ ኬሚስቶች ከአንድ ልጥ መራራ መርዝ አወጡና ልጡ የብሩሴያ መስሏቸው መርዙን «ብሩሲን» አሉት። ልጡ ግን ስትሪክኒን ከሚገኝበት ከሌላ ዛፍ የተላጠ ሆኖ ተገኘ። በዋጊኖስ ውስጥ ብሩሲን የለም፤ ስሙ ግን እስከ ዛሬ በኬሚስትሪ መጽሐፋችን ውስጥ አለ። ካገራችን የወሰዳቸው የግዕዝ መጻሕፍትም፣ ከመጽሐፈ ሄኖክ ሦስት ቅጂዎች አንዱን ጨምሮ፣ ኦክስፎርድ በሚገኘው በቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት «ብሩስ» እየተባሉ በቁጥር ተመዝግበዋል። የጸሐፊዎቹንና ያስጻፊዎቹን ስም የሚፈልግ ገልጦ ከውስጥ ይፈልገዋል።

የግብርና ኮሌጅ ተማሮች ብሩስ ሲባል የሚያስታውሱት ግን ሌላውን ነው። ዴቪድ ብሩስ የተባለው የጦር ሐኪም በ1855 በአውስትራሊያ ከስኮትላንዳውያን ወላጆች ተወልዶ በስተርሊንግ ያደገ ነው። በ1887 በማልታ ደሴት የትኩሳት በሽታ ተህዋስ አገኘ፤ ከብት የሚያስወርደውና ባልፈላ ወተት ወደ ሰው የሚተላለፈው ብሩሴሎሲስ ስሙን ከርሱ አገኘ። ቀጥሎም በደቡብ አፍሪካ የከብት በሽታ በጸጸ ዝንብ እንደሚተላለፍ አሳየ። የዓባይ ሸለቆ ቆላ ገበሬ ገንዲ የሚለውን በሽታ ከሚያመጡት ተህዋስያን አንዱ «ትሪፓኖሶማ ብሩሳይ» ይባላል። እነሆ ከግሽ በታች በቆላው፣ ብሩስ የሚለውን ስም ሰምቶ የማያውቅ ገበሬ በሬው በዚህ ስም ይሞትበታል። ዴቪድና ጀምስ ስማቸው አንድ መሆኑ ብቻ ዘመድ አያደርጋቸውም፤ በላብራቶሪው ሥራ ሁሉ አብራው የደከመችው ሚስቱ ሜሪ ግን ስሙን ይዛ ሳለ በተህዋሱ ስም ውስጥ ማንም አይቆጥራትም።

የቀሩትን ብሩሶች በአጭሩ ልለፋቸው። የፓርቴኖንን ቅርጾች ከአቴና ያስነሣው የኤልጊን መስፍን ቶማስ ብሩስ ነው። ልጁ ጀምስ ብሩስ በ1860 የቻይናን ነገሥታት የበጋ ቤተ መንግሥት አስቃጠለ፤ በካናዳም ገዥ ስለ ነበረ በኦንታርዮ አንድ አውራጃና አንድ ልሳነ ምድር በስሙ ተጠርተዋል። የአውስትራሊያ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረው ስታንሊ ብሩስ ደግሞ በ1936 በጄኔቭ የመንግሥታት ማኅበር ምክር ቤት ተረኛ ሊቀ መንበር ነበር፤ በዚያው ዓመት የኛ ጉዳይ እንዴት እንደ ተጣለ ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም።

የእኛም ስሞች ይጓዛሉ፤ የሚጓዙት ግን በሕዝብ ነው። ዳሞት ጥንት ከዓባይ በስተደቡብ የነበረ አገር ነው፤ ሕዝቡ ተሻግሮ ሲመጣ ስሙን ይዞት መጣ። ሜጫ በጎጃምም በሸዋም አለ። ሊበን የኦሮሞ ጎሳ ስም ሲሆን ባሶ ሊበን ተብሎ በምሥራቅ ጎጃም፣ ሊበን ጭቋላ ተብሎ በሸዋ፣ እንደገናም በነጌሌ በኩል ይገኛል። ብሪክስ ወደ ስኮትላንድ እንደ ተሻገረች እነዚህም ተሻገሩ፤ ያንድ ሰው ቤት ንብረት ግን አልሆኑም። ሊበን ተወልጄ ሊበን ነኝ ስል አማርኛ ተናጋሪነቴ አይከለክለኝም።

ሕጉስ ምን ይላል ቢባል፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 32 ማንኛውም ሰው ከተጸውዖ ስሙና ካባቱ ስም ሌላ የቤተ ዘመድ ስም እንዳለው ይደነግጋል። ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው ረኔ ዳቪድ ናቸው፤ በሕዝቡ ዘንድ ግን ያ ስም አልተለመደም። ስምንት ዓመት ቆይቶ በ1960 ዓ.ም. ጎጃም በአዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት ሲያምፅ ካሰጋው ነገር አንዱ መሬቱ ተለክቶ ርስቱ ይነካል የሚለው ነበር። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲወጣ ርስት ቀረ፤ ከርሱም ጋር ለመሬት ብሎ ትውልድ መቁጠር ቀረ። ዛሬ የሚቆጠረው ለጋብቻ እስከ ሰባት ቤት ብቻ ነው፤ እሱንም ብዙዎቻችን ለሽማግሌ ትተነዋል። እኔ ራሴ ባባቴ በኩል ሰባት ስም እቆጥራለሁ፤ በእናቴ በኩል ግን ሦስተኛው ላይ እቆማለሁ።

በበኩሌ የፈረንጁን ወረቀት ለማስደሰት አንድ ስም አድርቀን እንያዝ የሚሉትን ጓደኞቼን አልደግፍም፤ በወረቀት ምክንያት አባትና ልጅ ባዕድ መሆናቸውንም ቀላል ነገር ነው አልልም። ከዚህ የሚቀድመው ግን በዚህ ክረምት ወደየአገራችን ስንመለስ ደብተር ይዘን ከሽማግሌዎችና ከባልቴቶች ዘንድ ተቀምጠን ስምንቱንም ወገን መጻፍ ነው። እኔ ከእናቴ አክስት ልጀምር አስቤአለሁ፤ ዕድሜአቸው ከሰማንያ አልፏል።

ጓደኛችን ያን ቀን ተቸግሮ ተቸግሮ ያያቱን ስም ጻፈ። ከሁለት ወር በኋላ መልሱ መጣለት። ደብዳቤው ገና ከመክፈቻው «ውድ አቶ» ብሎ የሚጠራው እርሱን ሳይሆን፣ እርሱ ሳይወለድ የሞቱትን አያቱን ነበር።