የወደቀው ግንድ የማን ነው?



ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲሥ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ስለ «ከምአ» ነግረውናል፤ አላህ ለበኒ ኢስራኢል ካወረደው መን ወገን እንደሆነ፣ ውሃውም ለዓይን መድኃኒት እንደሆነ። ይህን ሰምተን ክረምት ላይ ከደንቆሮ ጫካ እንጉዳይ ለቅመን ወደ ድስት አንሮጥም። ከምአ የበረሃ እንጉዳይ ነው፤ አሸዋ ውስጥ ከትናንሽ ቁጥቋጦዎች ሥር ጋር ተቆራኝቶ ያድጋል። ከዱር እንጉዳዮች መካከል የሚገድሉ አሉ፤ ራስን ለጥፋት መጣል ደግሞ በዲናችን ክልክል ነው።

ዛሬ የምናየው የእንጉዳይን ቤት ነው። የጅብ ጥላ የምንለው ፍሬው ብቻ ነው። ዋናው አካሉ በግንድና በአፈር ውስጥ የተዘረጋ ስስ ክር ነው። ስለዚህ ጥላውን መቅጠፍ ብዙ አይጎዳውም፤ ግንዱን መውሰድ ግን ቤቱንም ምግቡንም መውሰድ ነው።

ከመካነ ሰላም ወዲያ ቦረናና ሳይንት መካከል ያለው ደንቆሮ ጫካ በ2001 ዓ.ም. ብሔራዊ ፓርክ ሲባል ስፋቱ 4,375 ሄክታር ነበር። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ስላሉበት ጎብኚው ሽቅብ ሽቅብ ያያል፤ እኛ ወደ መሬት እንይ። ጥድ፣ ወይራና ኮሶ በሥራቸው የሚያኖሩት የፈንገስ ዓይነት ከአፈር በላይ ጥላ አያወጣም። እንግዲህ በእነዚህ ዛፎች ሥር የምናየው እንጉዳይ በአብዛኛው የወደቀ ግንድና የረገፈ ቅጠል የሚያበሰብሰው ነው። ዛፉ ሁሉ ቆሞ ወለሉ ቢጠረግ፣ ጫካው ለዓይን ሙሉ ነው፤ ለእንጉዳዩ ግን ባዶ ነው። ባሕር ዛፍ ሥርም እንጉዳይ አለ ትሉ ይሆናል። ባሕር ዛፍ በሄደበት አገር ሁሉ የራሱ እንጉዳዮች ይከተሉታል፤ የወይራውን አይተኩም።

ነገሩ የሩቅ አይደለም። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት እ.ኤ.አ. እስከ 2025 በቀይ መዝገቡ ከመዘናቸው 1,300 የፈንገስ ዝርያዎች ቢያንስ 411ዱ የመጥፋት አደጋ ላይ ናቸው።

እንጨት ተሸካሚዋን እናት መውቀስ ይቀላል። እኛ የምንበላው እንጀራም የሚጋገረው በእንጨት ነው፤ ጭራሮዋን አንከለክላትም። ወፍራሙና የበሰበሰው ግንድ ግን ለምድጃ ጢስ እንጂ ነበልባል የለውም፤ ለእንጉዳይ ደግሞ የብዙ ዓመት ቀለብ ነው። ማገዶን ከጓሮ ባሕር ዛፍ ማድረግ፣ የጫካውን ግንድ በወደቀበት መተው ይቻላል። ለጉብኝት የምትወጡም እሳት ለማንደድ ብላችሁ አታንሱት፤ ገልብጣችሁ ካያችሁት መልሱት፣ ነጩ ክር ፀሐይ አይወድም።