ያገባል፣ ያገባ ይሆናል፣ ባገባ ነበር

ስለ ተስፋ የሚጻፍ አመዛዛኝ ድርሰትና የማሰሪያ አንቀጽ አመራረጥ

መግቢያ

በአገራችን የእግር ኳስ ውድድር ዘመን የሚከፈተው ዘመን በተለወጠ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ፣ በመስከረም ወይም በጥቅምት ነው። ስለዚህ የደጋፊ ተስፋና የዕንቁጣጣሽ ተስፋ አብረው ይመጣሉ። ክረምቱ ሲወጣና የጨቀየው ሜዳ ሲጠነክር፣ ዐምና በተደጋጋሚ የተሸነፈው ቡድን እንኳ ዘንድሮ ገና አንድም ጨዋታ አልተሸነፈም። በዚህ ወቅት ስለ ተከላካይ የሚያወራ ሰው እምብዛም አይገኝም፤ የሁሉም ወሬ ስለ አጥቂው ነው። ይህ ለምን እንደ ሆነ መመርመር ራሱን የቻለ ድርሰት ይወጣዋል፤ እኛ ግን የምንመረምረው ደጋፊው ተስፋውን የሚናገርበትን ግሥ ነው።

የሚከተለው ምንባብ ለዚህ ትምህርት ተብሎ የተዘጋጀ ነው። ስታነቡ እያንዳንዱ ተናጋሪ ዐረፍተ ነገሩን በምን ዐይነት ማሰሪያ አንቀጽ እንደሚዘጋ ልብ በሉ።

ምንባብ

በመስከረም ሁለተኛ ሳምንት፣ ከቀትር በኋላ፣ በሐረር ጁገል ውስጥ ከፈረስ መጋላ ብዙም በማይርቅ አንድ ሻይ ቤት አንድ ሽማግሌና የልጅ ልጃቸው ተቀምጠው ነበር። ሽማግሌው መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ዕድሜያቸውን በስፌት የጨረሱ ናቸው። ልጁ የዐሥረኛ ክፍል ተማሪ ነው። ወደ አያቱ የመጣውም ያለ ጉዳይ አልነበረም፤ ቡድኑ ድሬዳዋ ወርዶ ለሚጫወተው የመጀመሪያ ጨዋታ የመኪናና የመግቢያ ገንዘብ ፈልጎ ነው።

«አዲስ አጥቂ መጥቷል አሉ፤ ሰምተሃል?» አሉ ሽማግሌው።

«ሰምቻለሁ፣ አባባ። ዐምና በነበረበት ቡድን 11 ጎል አግብቷል። ዘንድሮም ያገባል።»

«ያገባል?»

«ያገባል እንጂ! እሱ እኮ ጎል ያገባል፤ ሥራው ነው።»

«አይ ልጄ። ዐምናም ስለ ሌላው እንዲሁ ብለኸኝ ነበር። በየትኛው እግሩ እንደሚመታ እንኳ ሳናውቅ ሰኔ ደረሰ።»

«እሱማ ጉልበቱን ታሞ ነው። ባይታመም ኖሮ ባገባ ነበር።»

ባለ ሻይ ቤቷ ብርጭቆ እያለቀለቁ ሳቁ። «ይኸው ልጅ ዐምና በመስከረም ‹ያገባል› አለ። በጥር ‹ያገባ ይሆናል› አለ። አሁን ደግሞ ‹ባገባ ነበር› ይላል። እኔ ሻይ ስቀዳ እሰማለሁ» አሉ።

ተማሪው አፈረ። «እርስዎስ፣ እትዬ፣ ምን ይላሉ?»

«እኔማ ያግባልን እላለሁ። ቡድኑ ያሸነፈ ዕለት ሰው ይቀመጣል፤ ሁለት ሦስት ብርጭቆ ይጠጣል። የተሸነፈ ዕለት የጀመረውንም ሳይጨርስ ይወጣል።»

ሽማግሌው እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ሰደዱ፤ ግን ቶሎ አላወጡትም። «ገንዘቡን እሰጥሃለሁ። ዐምናም ሰጥቼሃለሁ። ነገር ግን ‹ያገባል› እያልህ አትጠይቀኝ። ስትመለስ ፊቴን ማየት ያሳፍርሃል» አሉት።

የሰዋስው ማብራሪያ

በምንባቡ ውስጥ ተማሪው የተናገራቸውን ሦስት ዐረፍተ ነገሮች እንመልከት። «11 ጎል አግብቷል» ያለው የተፈጸመ ድርጊት ነው፤ መዝገብ ገልጦ ማረጋገጥ ይቻላል። «ጎል ያገባል፤ ሥራው ነው» ያለው የዘወትር ልማድን ይገልጻል። «ዘንድሮም ያገባል» ያለው ግን ትንቢት ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው በመልክ አንድ ናቸው። በአማርኛ የአሁን ጊዜ፣ የልማድና የትንቢት ግሥ አንድ ልብስ ይለብሳሉ። «ፀሐይ በምሥራቅ ትወጣለች» ስንልና «ነገ ፀሐይ ትወጣለች» ስንል ግሡ አልተለወጠም፤ የለየው «ነገ» የሚለው ተውሳከ ግሥ ነው።

ተማሪው አያቱን ሊያታልል አልፈለገም። ከተፈጸመው ወደ ልማዱ፣ ከልማዱ ወደ ትንቢቱ የተሻገረው በአንድ ትንፋሽ ነው፤ ቋንቋውም ድንበሩን አላሳየውም። ስለዚህ በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ድንበሩን ራሱ ማበጀት አለበት። «ዐምና»፣ «ዘወትር»፣ «ዘንድሮ» የሚሉት ቃላት ለዚህ ያገለግላሉ። (በነገራችን ላይ «ጎል» የሚለው ተሳቢ ቀርቶ «አዲሱ አጥቂ ዘንድሮ ያገባል» ብቻ ቢባል፣ አንባቢ የሠርግ ጥሪ ሊጠብቅ ይችላል። ተሳቢን መተው የሚያስከትለውን ጣጣ ባለፈው ምዕራፍ አይተናል።)

ጥርጣሬን የሚገልጹ ማሰሪያዎችም በክብደት ይለያያሉ። «ያገባ ይሆናል» የሚለው ሚዛኑን እኩል ይይዛል። «ሳያገባ አይቀርም» የሚለው ሁለት አሉታ አጣምሮ ወደ እርግጠኝነት ያዘነብላል። «ሊያገባ ይችላል» የሚለው ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ «ችሎታው አለው» ማለትም «ዕድሉ አለ» ማለትም ነውና። ብዙ ተማሪዎች የመጀመሪያውን አስበው ሁለተኛውን ይጽፋሉ።

የባለ ሻይ ቤቷ «ያግባልን» የምኞት ግሥ ነው። ምኞት ማስረጃ አይጠየቅም፤ ሐሰትም ሊባል አይችልም። ከሦስቱ ተናጋሪዎች ከቡድኑ ድል ገቢ የሚያገኙት እሳቸው ብቻ መሆናቸውን፣ ቃላቸው ግን ከሁሉም የተቈጠበ መሆኑን አስተውሉ።

በመጨረሻም ሁኔታን የሚገልጹት አሉ። «ካገባ እናሸንፋለን» ስንል በሩ ክፍት ነው። «ቢያገባ እናሸንፍ ነበር» ስንል በሩ ገርበብ ብሏል። «ቢያገባ ኖሮ ባሸነፍን ነበር» ስንል ግን በሩ ተዘግቷል፤ ድርጊቱ አልተፈጸመም፣ ከእንግዲህም አይፈጸምም። «ኖሮ» የሚለው ቃል የተዘጋው በር ቁልፍ ነው።

ተስፋን በማስረጃ መመዘን

ተማሪው ሊሄድባት ያሰበው ድሬዳዋ ከሐረር በደንገጎ ቁልቁለት 50 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ያ ከተማ ስለ አጥቂዎች የተነገረ ታላቅ ተስፋ ሲፈርስ አይቷል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ናቸው።) በ1968 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ በአገራችን ሲካሄድ አንደኛው ምድብ በአዲስ አበባ፣ ሁለተኛው በድሬዳዋ ተጫወተ። ወደ ድሬዳዋ ከመጡት አንዷ የ1966 ዓ.ም. ባለ ዋንጫ ዛኢር፣ የዛሬዋ ኮንጎ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ነበረች። በ1966ቱ ውድድር አጥቂዋ ንዳዬ ሙላምባ ብቻውን 9 ጎል አግብቶ ነበር፤ በአንድ የአፍሪካ ዋንጫ ያን ያህል ያገባ ሌላ ተጫዋች እስካሁን የለም።

በጥር 1968 ዓ.ም. «ዛኢር ድሬዳዋ ላይ ጎል በጎል ትሆናለች» ብሎ የጻፈ ሰው ቢኖር፣ ማስረጃ አልነበረውም ማለት አይቻልም። 9 ጎል ትልቅ ማስረጃ ነው። ነገር ግን ያው ቡድን በዚያው በ1966 ዓ.ም. ሰኔ በዓለም ዋንጫ ተሰልፎ በስኮትላንድ 2 ለ0፣ በዩጎዝላቪያ 9 ለ0፣ በብራዚል 3 ለ0 ተሸንፏል። ሦስት ጨዋታ፣ 14 የገባበት፣ አንድም ያላገባ። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ በመካከላቸውም ያለው ጊዜ ጥቂት ወራት ነው። ደጋፊ የመጀመሪያውን ያነሣል፣ ተቃዋሚ ሁለተኛውን። አመዛዛኝ ድርሰት የሚጽፍ ሰው ሁለቱንም ከማንሣት ሊያመልጥ አይችልም። ድሬዳዋ ላይ ዛኢር በናይጄሪያ 4 ለ2፣ በሞሮኮ 1 ለ0 ተሸነፈች፤ ከሱዳን 1 ለ1 ተለያየች። የምድቡ መጨረሻ ሆና ተመለሰች። ዋንጫውን የወሰደችው ሞሮኮም ከዚያው ከድሬዳዋ ምድብ የወጣች ነበረች።

አሁን በማስረጃ የተመዘነ ተስፋ ምን እንደሚመስል እንይ። ጳጉሜን 3 ቀን 2004 ዓ.ም.፣ ለዘመን መለወጫ ሦስት ቀን ሲቀር፣ ብሔራዊ ቡድናችን ለአፍሪካ ዋንጫ ለማለፍ ካርቱም ላይ ከሱዳን ጋር ተጫውቶ 5 ለ3 ተሸነፈ። ኢትዮጵያ ከ1974 ዓ.ም. ወዲህ ወደዚያ ውድድር አልፋ አታውቅም ነበር። ታዲያ በዕንቁጣጣሽ ቀን «እናልፋለን» ያለ ደጋፊ በባዶ ሜዳ ተናገረ ወይ? አልተናገረም። በውጭ ሜዳ የገቡት 3 ጎሎች በደንቡ መሠረት ዋጋ ነበራቸው። «መልሱን በሜዳችን 2 ጎል ካገባንና ካልገባብን እናልፋለን» ማለት ሒሳብ ነው። «ካልገባብን» የምትለዋን ቃል ልብ በሉ፤ የአጥቂን ወሬ የሚወድ ደጋፊ ዘወትር የሚረሳት እርስዋን ነው። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰኢድ አንድ አንድ ጎል አገቡ፤ ሱዳን አላገባችም። ድምሩ 5 ለ5 ሆኖ ኢትዮጵያ በውጭ ባገባችው ብልጫ አለፈች።

ከዚያ በኋላ ግን ተስፋው ከሒሳቡ ቀደመ። የመጀመሪያው ጨዋታ ከዛምቢያ ጋር የዋለው ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ነበር። ጥር 13 በእግር ኳሳችን ተራ ቀን አይደለም፤ በ1954 ዓ.ም. በዚያው ዕለት ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ላይ ግብፅን፣ ያን ጊዜ የተባበረችው ዐረብ ሪፐብሊክ የምትባለውን፣ በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ወስዳለች። የቀን መግጠም ግን ጎል አያገባም። ሳላዲን የመታውን ፍጹም ቅጣት ምት የዛምቢያ በረኛ መለሰበት፤ የእኛ በረኛ ከመጀመሪያው አጋማሽ ሳያልፍ በቀይ ካርድ ወጣ። በዐሥር ሰው እየተጫወቱም አዳነ ግርማ አቻ አደረገ፤ 1 ለ1 ተለያዩ። ቀጥሎ ቡርኪና ፋሶ 4 ለ0፣ ናይጄሪያ 2 ለ0 አሸነፉን። በሦስት ጨዋታ ያገባነው አንድ ጎል ነው።

«ያ ፍጹም ቅጣት ምት ቢገባ ኖሮ ዛምቢያን ባሸነፍን ነበር» የሚል ሰው ብዙ ነው። ዐረፍተ ነገሩ በሰዋስው ትክክል ነው። በአመዛዛኝ ድርሰት ውስጥ ግን ምንም አያስረዳም። ያ ኳስ ቢገባ ኖሮ ከዚያ በኋላ ያለው ጨዋታ ሁሉ ሌላ ጨዋታ ይሆን ነበር፤ ያንን ጨዋታ ደግሞ ማንም አላየውም። «ኖሮ» ለትዝታና ለልቅሶ የምታምር ቃል ናት፤ ለክርክር አትታመንም።

የአንቀጽ ምሳሌ

የምንባባችን ተማሪ ያለውን ሁሉ ሳይደብቅ ቢጽፍ እንዲህ ሊጽፍ ይችል ነበር፦

«አዲሱ አጥቂ ዐምና 11 ጎል አግብቷል። ከእነዚህ 5ቱ ፍጹም ቅጣት ምት ናቸው። ያን ጊዜ ከጎኑ ኳስ የሚያቀብለው ጥሩ የመሐል ተጫዋች ነበረው፤ በእኛ ቡድን ያ ቦታ ገና አልተሟላም። የመሐሉ ቦታ ከተሟላ ዐምና ካገባው የማያንስ ሳያገባ አይቀርም። ካልተሟላ ግን ጥቂት ያገባ ይሆናል። እኔ ያግባ እላለሁ፤ ለማየትም እሄዳለሁ።»

ይህ አንቀጽ ተስፋውን አልቀነሰም። ልጁ አሁንም ወደ ሜዳ ይሄዳል። የተለወጠው እያንዳንዱ ማሰሪያ አንቀጽ ከፊቱ ያለው ማስረጃ የሚሸከመውን ያህል ብቻ መናገሩ ነው። «ለማየትም እሄዳለሁ» የሚለው ማሰሪያ ደግሞ እርግጠኛ ሆኖ የተጻፈበት ምክንያት አለ፤ ምክንያቱን በክፍል ውስጥ ተወያዩበት።

መልመጃ

1. ከምንባቡ ውስጥ የተፈጸመ ድርጊት፣ ልማድ፣ ትንቢት፣ ምኞትና ያልሆነ ሁኔታ የሚገልጹ ዐረፍተ ነገሮችን አንድ አንድ አውጥታችሁ ማሰሪያ አንቀጻቸውን አስምሩበት።

2. «ዝናብ ከዘነበ ጨዋታው ይቀራል» የሚለውን በሦስቱ የሁኔታ መልኮች ለውጣችሁ ጻፉ። የትኛው ከጨዋታው በፊት፣ የትኛው ከጨዋታው በኋላ እንደሚነገር አስረዱ።

3. በ1966ና በ1968 ዓ.ም. ስለ ዛኢር ቡድን ከላይ የተሰጠውን ማስረጃ ብቻ በመጠቀም፣ ውጤቱን እንደማታውቁ ሆናችሁ፣ በጥር 1968 ዓ.ም. ሊጻፍ የሚችል አንድ አመዛዛኝ አንቀጽ ጻፉ። በ«ኖሮ» አትጠቀሙ።

4. የምንባቡን ተማሪ ተክታችሁ፣ ለድሬዳዋው ጨዋታ የመኪናና የመግቢያ ገንዘብ የሚጠይቅ አጭር ደብዳቤ ለአያታችሁ ጻፉ። በደብዳቤው ውስጥ «ያገባል» የሚለው ቃል አይግባ።