የሞና ሊዛ ፈገግታ በፊዚክስ ዓይን

የሰው መልክ ሥዕል ወይም ፖርትሬት የሚባለው ጉዳይ ሲነሣ አብዛኞቻችን «ይህ የሥነ ጥበብ ተማሪዎች ድርሻ ነው» ብለን እናልፈዋለን። አንድ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ በኦፕቲክስ ክፍለ ጊዜ ላይ ያነሣብኝ ጥያቄ ግን በቀላሉ የሚታለፍ አልነበረም። «ዋናውን ሥዕል ፓሪስ ሄደን ሳናይ፣ በመጽሐፍ ላይ የታተመ ቅጂ ብቻ ይዘን ስለ ሥዕሉ ምን ማለት እንችላለን?» ነበር ያለው። በዚያን ዕለት የሰጠሁት መልስ ስላላረካኝ እነሆ በዚህ ጽሑፍ እመለስበታለሁ።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልናዘዝ። ለዶክትሬት ትምህርቴ አውሮፓ በነበርኩበት ጊዜ ሞና ሊዛን ለማየት ወደ ሉቭር ቤተ መዘክር ሄጄ ነበር። ከጎብኚዎች ብዛት የተነሣ የቆምኩት ከሥዕሉ አራት ሜትር ያህል ርቄ፣ በሰው ትከሻ ላይ አሻግሬ እያየሁ ነበር። ዓለም ሁሉ ያወራለት ፈገግታ ግን አልታየኝም። በዚያን ጊዜ ጉድለቱ የእኔ የጥበብ ዕውቀት ማነስ መሰለኝ፤ ነገሩ የማዕዘን ጉዳይ ሊሆን እንደሚችል የተረዳሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

ሥዕሉ 77 ሴንቲሜትር ቁመትና 53 ሴንቲሜትር ስፋት ባለው፣ ፖፕላር ከተባለ ዛፍ በተሠራ ሳንቃ ላይ በዘይት ቀለም የተሣለ ነው። ሠዓሊው ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ (1452–1519 እ.ኤ.አ.) ሥራውን በ1503 እ.ኤ.አ. አካባቢ በፍሎረንስ ከተማ ጀመረ። የተሣለችው ሴት የሐር ነጋዴው የፍራንቼስኮ ዴል ጆኮንዶ ባለቤት ሊዛ ጌራርዲኒ መሆኗን የሚያጠናክር ማስረጃ በ2005 እ.ኤ.አ. በሃይድልበርግ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ተገኝቷል፤ ይኸውም በጥቅምት 1503 እ.ኤ.አ. አንድ የፍሎረንስ ጸሐፊ በመጽሐፍ ኅዳግ ላይ የጻፈው ማስታወሻ ነው። ሊዮናርዶ ሥዕሉን ለባልየው አላስረከበም። ዓመታት ሲነካካው ቆይቶ በስተርጅና ወደ ፈረንሳይ ይዞት ሄደ። የሰው አስከሬን ከፍቶ ከንፈርን የሚያንቀሳቅሱ ጡንቻዎችን ያጠና፣ ብርሃን ወደ ዓይን እንዴት እንደሚገባ የተመራመረ ሰው በአንዲት ሴት አፍ ዙሪያ ይህን ያህል ዘመን ማጥፋቱ ሊደንቀን አይገባም።

አሁን ወደ ዓይናችን እንምጣ። በሬቲና መካከል ፎቪያ የተባለች ጥቂት ቦታ አለች። ጥቃቅን ዝርዝሮችን ለይተን የምናየው በእርሷ ነው፤ የምትሸፍነውም በግምት 2 ዲግሪ ማዕዘን ብቻ ነው። ከእርሷ ውጭ ያለው የሬቲና ክፍል ቀጫጭን መስመሮችን በመለየት ረገድ ደካማ ቢሆንም ሰፋፊ ጥላዎችን ለመለየት ግን በቂ ነው። በ2000 እ.ኤ.አ. የሃርቫርዷ የነርቭ ሳይንስ ተመራማሪ ማርጋሬት ሊቪንግስተን የሞና ሊዛን ምስል በኮምፒውተር ወደ ሻካራና ጥቃቅን ይዘቶች ለይታ ተመለከተች። ፈገግታው ጎልቶ የታየው በሻካራው፣ ማለትም ብዥ ባለው ምስል ውስጥ ነበር፤ ዝርዝሩ ብቻ በቀረበት ምስል ደግሞ ፈገግታው ደበዘዘ። እንግዲህ ዓይኖቿን ስንመለከት አፏ በዓይናችን ጠርዝ ላይ ይወድቃልና ትስቃለች፤ አፏን ትኩር ብለን ስናይ ሳቋን ታጠፋለች ማለት ነው። ሌሎች ተመራማሪዎች በ2004 እ.ኤ.አ. ለምስሉ የዘፈቀደ ነቁጦችን በመጨመር የፊቷ ስሜት እንደሚለዋወጥ አሳይተዋልና፣ የሊቪንግስተን ማብራሪያ ብቸኛው እንዳልሆነ አንባቢ ልብ ይበል።

ማብራሪያውን ከተቀበልን ግን ልንሞክረው የምንችለው ስሌት ይከተላል። ከሥዕሉ በርቀት «ር» ላይ ስንቆም ፎቪያ የምትሸፍነው ክብ ስፋት 2 × ር × ታንጀንት 1° ነው። ርቀቱ 1 ሜትር ቢሆን የክቡ ስፋት 3.5 ሴንቲሜትር ይሆናል። በሥዕሉ ላይ ከዓይኖቿ እስከ አፏ ያለው ርቀት በግምት ከ6 እስከ 8 ሴንቲሜትር ስለሚሆን፣ ዓይኗን ስናይ አፏ ከእይታችን መካከል ወደ 4 ዲግሪ ርቆ ይገኛል፤ ከፎቪያ ፈጽሞ ውጭ ነው። በ4 ሜትር ርቀት ግን የክቡ ስፋት 14 ሴንቲሜትር ደርሶ አፏ ከመካከሉ 1 ዲግሪ ብቻ ይርቃል። ዓይኗንም አፏንም በአንድ ጊዜ አጥርተን እናያለን ማለት ይቻላል። እኔ በቆምኩበት ቦታ ፈገግታው የደበዘዘው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

የመጽሐፉ ቅጂስ? 15 ሴንቲሜትር ቁመት ያለው ቅጂ ዋናውን አምስት ጊዜ ያህል ያሳነሰ ነው። ቅጂውን በ30 ሴንቲሜትር ርቀት ይዘን ስናይ ዓይናችን የሚያገኘው ማዕዘን ዋናውን በ1.5 ሜትር ርቀት ከማየት ጋር እኩል ነው። ስለዚህ በዚህ አንድ ጥያቄ ረገድ፣ ጠረጴዛው ላይ መጽሐፍ የዘረጋው ተማሪ በሕዝብ መካከል ከቆመው ጎብኚ የተሻለ ቦታ ላይ ይገኛል።

በሌላው ጥያቄ ግን ቅጂው አይረዳንም። ሊዮናርዶ ጥላውን ያለ አንዳች የመስመር ድንበር እንዴት ሊያበጅ ቻለ? ጣሊያኖች ስልቱን ጭስ ከሚለው ቃል በመነሣት ስፉማቶ ይሉታል። በ2010 እ.ኤ.አ. ፊሊፕ ዋልተርና ባልደረቦቹ በሉቭር የሚገኙ ሰባት የሊዮናርዶ ሥዕሎችን ሳይነኩ በኤክስሬይ መርምረው ነበር። ኤክስሬይ በአንድ አቶም ላይ ሲያርፍ ከውስጠኛው እርከን አንድ ኤሌክትሮን ያስወጣል፤ ክፍተቱን ለመሙላት ከላይኛው እርከን ሌላ ኤሌክትሮን ሲወርድ የጉልበቱ ልዩነት በሌላ ኤክስሬይ መልክ ይወጣል። ይህ ጉልበት ለእያንዳንዱ ንጥረ ነገር የተለየ ስለሆነ እንደ ጣት አሻራ ያገለግላል። ከሥር ካለው ነጭ ቀለም ውስጥ እርሳስ የተባለው ብረት የሚሰጠው ምልክት በላዩ ያለው ሽፋን በወፈረ መጠን ስለሚዳከም፣ የሽፋኑን ውፍረት ማስላት ይቻላል። ተመራማሪዎቹ ያገኙት ውጤት የሚገርም ነው፦ አንዳንዱ ሽፋን ከ1 እስከ 2 ማይክሮሜትር ብቻ ሲሆን፣ ተደራርቦም ከ30 እስከ 40 ማይክሮሜትር አካባቢ ነው። ይህም ከአንድ የጠጉር ዘለላ ውፍረት ግማሽ ያህል ቢሆን ነው። የዘይት ቀለም እንደ ውኃ ተንኖ አይደርቅም፤ ከአየር ኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ ቀስ በቀስ ይጠነክራል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ሽፋን መካከል መጠበቅ ግድ ነበር። የዓመታቱ ምስጢር ቢያንስ በከፊል ይኸው ነው። በ2023 እ.ኤ.አ. ደግሞ በሥዕሉ የመጀመሪያ መደብ ላይ ፕለምቦናክራይት የተባለ የእርሳስ ውሕድ ተገኝቷል፤ ይህም ሊዮናርዶ ዘይቱን ለማወፈርና ቶሎ እንዲደርቅ ለማድረግ የእርሳስ ኦክሳይድ ሳይጨምርበት እንዳልቀረ ይጠቁማል።

መለካትና መገመት ግን አንድ አይደሉም። በ2015 እ.ኤ.አ. ፈረንሳዊው መሐንዲስ ፓስካል ኮት፣ በተለያዩ የሞገድ ርዝመቶች ካነሣቸው ፎቶግራፎች ተነሥቶ ከሞና ሊዛ ሥር የሌላ ሴት መልክ እንዳገኘ አስታወቀ። ወሬው ዓለምን አዳረሰ፤ ብዙ የሥነ ጥበብ ታሪክ ሊቃውንት ግን አልተቀበሉትም። እንደ ፊዚክስ መምህር የእኔም ጥርጣሬ ከእነርሱ ጋር ነው። ከሥዕሉ ተንጸባርቆ የሚመጣው ብርሃን የሁሉንም ሽፋኖች አስተዋጽኦ ደባልቆ የያዘ ነው፤ ሁለት የተለያዩ የሽፋን አደራደሮች አንድ ዓይነት ብርሃን ሊመልሱ ይችላሉ። ሠዓሊው እጇን ወይም መጎናጸፊያዋን አስተካክሎ ቢሆን የሚታየው አሻራ፣ ሌላ ሴት ነበረች ለማለት አያበቃም።

ለተማሪዎች የሚሆን ሙከራ እነሆ። 15 ሴንቲሜትር ቁመት ያለው የሞና ሊዛ ቅጂ ፈልጉ። በ30 ሴንቲሜትር ርቀት ይዛችሁ በመጀመሪያ ዓይኗን፣ ቀጥሎ ከበስተጀርባዋ ያለውን መልክዓ ምድር፣ በመጨረሻም አፏን ተመልከቱና የፈገግታዋን መጠን ከ0 እስከ 5 ነጥብ ስጡት። ያንኑ በ80 ሴንቲሜትርና በ2 ሜትር ደግማችሁ በሠንጠረዥ አስፍሩ፤ ጓደኛችሁም የእናንተን ነጥብ ሳያይ ይሞክረው። አንድ ፈተና ልጨምር፦ ርቀቱ እጅግ በበዛ ጊዜ ፎቪያም ራሷ ጥቃቅኑን ዝርዝር መለየት ያቅታታል። ዓይናችን መለየት የሚችለው ትንሹ ማዕዘን 1/60 ዲግሪ ገደማ መሆኑን በመውሰድ፣ ፈገግታው ተመልሶ ሊታይ የሚገባው ከስንት ሜትር ጀምሮ እንደሆነ አስሉ፤ ከዚያም ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ቆማችሁ አረጋግጡ።