የማኅበር ማዕድ፤ ደስታውና ሥርዓቱ

ከወዳጅ ጋራ ተሰብስቦ መልካም ምግብ መብላት፣ መጠጣትና ደስ መሰኘት በረከት ነው ወይስ የሥጋ ፈቃድ ነው የሚል ጥያቄ ከምእመናን ዘንድ ብዙ ጊዜ ይቀርብልናል። ጠያቂዎቹም ሁለት ወገን ናቸው። አንደኛው ወገን ጾምንና ጸሎትን የሚወድ ሲሆን የበዓሉን ማዕድ ሁሉ እንደ ፈተና ቈጥሮ ይሸሸዋል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ በዓል ማለት መብልና መጠጥ ብቻ ይመስለዋልና ቅዳሴውን ትቶ ድግሱን ይጠብቃል። ሁለቱም ከመንገዱ ወጥተዋል፤ አንዱ በቀኝ፣ አንዱ በግራ። እኛም በዚህ ጽሑፍ መካከለኛውን መንገድ ለማሳየት እንሞክራለን።

አስቀድሞ መብል በራሱ ክፉ እንዳይደለ ማወቅ ይገባል። እግዚአብሔር የፈጠረውን ሁሉ አይቶ መልካም ብሎታልና እህሉም፣ ፍሬውም፣ ወተቱም ከዚያ መልካም ውስጥ ናቸው። አብርሃም በመምሬ ዛፍ ሥር ሦስቱን እንግዶች ባየ ጊዜ ሮጦ ተቀበላቸው፤ ሣራም ሦስት መስፈሪያ ዱቄት ለውሳ እንጎቻ ጋገረች፤ እርሱም የሰባውን ጥጃ አሳርዶ ከቅቤና ከወተት ጋራ አቀረበ፤ እነርሱ ሲበሉም በአጠገባቸው ቆሞ አስተናገደ። ቤተ ክርስቲያናችን ሐምሌ 7 ቀን ይህን የሥላሴን ወደ አብርሃም ቤት መምጣት ስታከብር የእንግዳ ማዕድ የእግዚአብሔር መገለጫ ሊሆን እንደሚችል ትመሰክራለች።

በነህምያ ዘመንም ሕዝቡ ዕዝራ የሚያነበውን ሕግ ሰምቶ ባለቀሰ ጊዜ አለቆቹ እንዲያዝን አልተዉትም። ቀኑ የተቀደሰ ነውና ሂዱ፣ የሰባውን ብሉ፣ ጣፋጩን ጠጡ ብለው አዘዙት። ነገር ግን ትእዛዙ በዚህ አላበቃም፤ ምንም ላልተዘጋጀላቸው ድርሻቸውን ላኩላቸው የሚል ተጨመረበት። አንባቢ ሆይ፣ ይህን ነገር በልብህ ያዘው፤ የዚህ ትምህርት ቍልፍ በዚህ ውስጥ ነውና። የሌለው ሰው ድርሻ ያልወጣለት ማዕድ ሙሉ ማዕድ አይደለም።

ጌታችንም በሥጋ በተመላለሰበት ወራት ከማዕድ አልራቀም። ጥር 12 ቀን የምናከብረው የቃና ዘገሊላ በዓል የመጀመሪያው ተአምራቱ በሠርግ ቤት እንደ ተፈጸመ ያሳስበናል። የወይን ጠጁ ባለቀ ጊዜ የሙሽራውን ቤት ኀፍረት አስቀድማ ያየች እመቤታችን ናት፤ ጌታም ስድስቱን የድንጋይ ጋኖች ውሃ አስሞልቶ ኀፍረቱን ወደ ደስታ ለወጠው። ከፋሲካ ስድስት ቀን በፊት በቢታንያ ከወዳጆቹ ከአልዓዛር፣ ከማርታና ከማርያም ጋራ በማዕድ ነበረ። ከትንሣኤውም በኋላ በኤማሁስ እንጀራ ሲቈርስ ታወቀ፤ በጥብርያዶስ ባሕር ዳርም ለደከሙት ደቀ መዛሙርቱ ዓሣና እንጀራ በፍም ላይ አዘጋጅቶ ኑ ምሳ ብሉ አላቸው። ጠላቶቹ በላተኛና ጠጪ ብለው እስኪነቅፉት ድረስ ከሰዎች ጋራ መቀመጥን አልተወም።

እንግዲህ ጾም ለምን ታዘዘ የሚል ቢኖር ጾምና በዓል ጠላቶች አይደሉም ብለን እንመልሳለን። የዓቢይ ጾም 55 ቀን የፋሲካን ሌሊት ያጣፍጣል፤ ያልጾመ ሰው የዶሮውን ወጥ ይቀምስ እንደ ሆነ እንጂ ፋሲካን አይቀምስም። ከፋሲካም በኋላ እስከ በዓለ ኀምሳ ረቡዕና ዓርብ እንኳ እንዳይጾሙ የታዘዘው ደስታም እንደ ጾም ሥርዓት ስላለው ነው። እናቶቻችን ጾም ሲፈታ አስቀድመው ተልባ የሚያጠጡን፣ ባዶ የሰነበተ ሆድ በቅባትና በሥጋ በድንገት እንዳይታወክ ነው። በዚህ ልማድ ውስጥ ትምህርት አለበት፤ ደስታ በልክ ሲገባ ይስማማል፤ ያለ ልክ ሲገባ ያሳምማል።

በአገራችን ይህ ሁሉ ትምህርት ተጠቃልሎ የሚገኘው በማኅበር ነው። ምእመናን በወር አንድ ቀን፣ በ12 በቅዱስ ሚካኤል፣ በ21 በእመቤታችን፣ በ27 በመድኃኔ ዓለም፣ ወይም በሌላው ቅዱስ መታሰቢያ በተራ ከቤት ቤት ይሰበሰባሉ። ጽዋው ተሸፍኖ ከዳቦው አጠገብ ይቀመጣል፤ ካህኑ ጸሎት አድርሶ ይባርካል፤ ዳቦው ይቈረሳል፤ ሁሉም ከአንዱ ጽዋ ይቀምሳሉ። የተጣላ ቢኖር ይታረቃል፤ የታመመ ቢኖር ይጠየቃል። በመጨረሻም ባለ ተራው ጽዋውን ተረክቦ በክብር ወደ ቤቱ ይወስዳል። ቀኑ ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢውል ማዕዱ የጾም ይሆናል፤ ደስታው ግን አይጐድልም። ለዚህም ነው አባቶቻችን ከፍትፍቱ ፊቱ የሚሉት።

ነገር ግን መልካም ነገር ሁሉ ይበላሻል። በቆሮንቶስ የነበሩ ምእመናን በአንድነት ለመብላት ይሰበሰቡ ነበር፤ ዳሩ ግን እያንዳንዱ የራሱን እራት አስቀድሞ እየበላ አንዱ ሲራብ ሌላው ይሰክር ነበር። ቅዱስ ጳውሎስ በመጀመሪያው መልእክቱ በምዕራፍ 11 የገሠጻቸው ስለ መብሉ ብዛት ብቻ አይደለም፤ የሌላቸውን በማሳፈራቸውና የእግዚአብሔርን ቤተ ክርስቲያን በመናቃቸው ነው እንጂ። በ4ኛው መቶ ዓመት ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ ይህን ምዕራፍ ሲተረጕም የቀደሙት ክርስቲያኖች ከቅዳሴ በኋላ ባለጠጎች ያመጡትን ድኾች በአንድ ማዕድ አብረው ይበሉ እንደ ነበረ አስታውሶ ያ መልካም ልማድ በመበላሸቱ አዝኗል።

ይህን የምንጽፈው በሌላው ለመፍረድ አይደለም፤ ጥፋቱ የእኛም ነበረና። ከብዙ ዓመት በፊት በአንድ የገጠር አጥቢያ በንስሓ አባትነት የምናገለግለው ማኅበር ነበረ፤ አባላቱም ዐሥራ ሁለት ነበሩ። በመጀመሪያ ዝክሩ አንድ ድፎ ዳቦ፣ ንፍሮና ጠላ ነበረ። በኋላ አንዱ ባለጠጋ በተራው በግ አረደ፤ ቀጥሎ ያለው እንዳያንስ ሁለት አረደ፤ ሦስተኛው ጠጅ ጨመረ። እኛም ይህን ማስተው ሲገባን በግ በታረደበት ቤት ምርቃታችንን እናስረዝም፣ ንፍሮ በቀረበበት ቤት አሳጥረን እንነሣ ነበር። ሁለት አባላት አንድ በአንድ በዝምታ ቀሩ፤ ምክንያቱን አልጠየቅንም።

ከዚያም ሸማ ሠሪ የሆነ አንድ አባል የተረከበውን ጽዋ ወሩ ሳይደርስ በሰው እጅ መልሶ ላከው። ቅዱሱን ናቀ ብለን ተቈጥተን ልንገሥጸው ወደ ቤቱ ሄድን። እርሱም ከእግራችን ወድቆ፣ «ይፍቱኝ አባቴ፤ መልአኩን ጠልቼ አይደለም። ላለፈው ተራዬ የተበደርሁትን ገና አልከፈልሁም። አሁን ደግሞ ብደግስ ልጆቼን አስርባለሁ፤ ባልደግስ ከወንድሞቼ ፊት አፍራለሁ፤ ስለዚህ ጽዋውን መለስሁት» አለን። ሚስቱም ቆሎና ውሃ አቀረበች። ያን ጊዜ ሊገሥጽ የሄደው ካህን ተገሣጭ ሆነ። በዚያ ቤት የነበረው ኀፍረት እመቤታችን በቃና ያየችው ዐይነት ኀፍረት ነበረ፤ እኛ ግን ልናየው ሲገባን እንዲበዛ ረድተን ነበር።

በሚቀጥለው ስብሰባ ጥፋታችንን በማኅበሩ ፊት ተናገርን። ባለጠጋው አባልም ቅር ሳይለው ተነሥቶ፣ «እኔ መልካም ያደረግሁ መስሎኝ ነበር» ሲል ይቅርታ ጠየቀ። ከዚያም ዝክሩ ዳቦ፣ ጠላና አንድ ወጥ ብቻ እንዲሆን፣ ከዚህ በላይ መስጠት የሚሻ ሁሉ ትርፉን በደጀ ሰላም ላሉት ነዳያን እንዲሰጥ ተስማሙ። ሸማ ሠሪው ተመለሰ፤ በተራውም ቀን በቤቱ የነበረው ደስታ ከጠጁ ቤት ደስታ ይበልጥ ነበር። ከእርሱ በፊት በዝምታ የወጡት ሁለቱ ግን ብንለምናቸውም አልተመለሱም። ይህ እስከ ዛሬ ያሳዝነናል።

ስለዚህ ለካህናት ወንድሞቻችን የምንለው ይህ ነው፤ ምርቃታችሁ በማዕዱ ስፋት አይመዘን፤ ከማኅበር የቀረ ሰው ቢኖር ከመገሠጽ በፊት ጠይቁት። ለምእመናንም እንዲህ እንላለን፤ ዝክራችሁ ዕዳ የማያስገባ ይሁን፤ መጠጡ አእምሮን አይውሰድ፤ ጨዋታችሁ ከሐሜት የራቀ ይሁን፤ ከመቍረሳችሁ በፊት የድኻው ድርሻ ይነሣ። ጌታችን ግብዣ ስታደርግ ወዳጆችህን ሳይሆን ድኾችን ጥራ ሲል ወዳጅን መጋበዝን መከልከሉ አይደለም፤ እርሱ ራሱ ከወዳጆቹ ጋራ በልቷልና። የከለከለው ብድራት ተስፋ ተደርጎ የሚሰጠውን ግብዣ ነው። እርስ በርስ ለመበላለጥ የሚደገስ ድግስም ከዚያው ወገን ነው።

እንግዲህ ክርስቲያን ሆይ፣ በበዓልህ ቀን ደስ ብሎህ ብላ፤ ወዳጅህንም ጥራ፤ የእግዚአብሔርን ስጦታ በምስጋና የሚቀበል አይነቀፍምና። ነገር ግን ከመቀመጥህ በፊት ዐይንህን አንሥተህ በማዕዱ ዙሪያ ማን እንደ ጐደለ ተመልከት። የጐደለውንም ሄደህ አምጣው፤ ያን ጊዜ ንፍሮው ፍሪዳ፣ ውሃውም የቃና ወይን ይሆንልሃል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።