ዘይት ቀቢው መሐንዲስ

ወጣት፦ ጋሼ፣ አምስት ዓመት ሜካኒካል ኢንጂነሪንግ ተምሬ ዛሬም ከግራሶ ፓምፕ አልተላቀቅኩም። ይሄ የመሐንዲስ ሥራ ነው?

አዛውንት፦ እስቲ ቁጭ በል። ኤላይጃ ማኮይ የሚባል ሰው ሰምተህ ታውቃለህ?

ወጣት፦ አልሰማሁም።

አዛውንት፦ ወላጆቹ ከአሜሪካዋ ኬንታኪ ከባርነት አምልጠው ካናዳ የገቡ ናቸው። እሱ እዚያው በ1844 ተወለደ፤ ዘመኑን በፈረንጆቹ ነው የምቆጥርልህ። በ15 ዓመቱ ስኮትላንድ፣ ኤድንብራ ተልኮ መካኒካል ምህንድስና ተማረ። ከዚያ ወደ አሜሪካዋ ሚሺጋን ሲመጣ ግን ጥቁር ነውና የመሐንዲስነት ሥራ ነፈጉት። የቀጠረው የባቡር ድርጅት የሰጠው እሳት ማንደድና ዘይት መቀባት ነበር።

ወጣት፦ እንደኔው!

አዛውንት፦ ካንተ የባሰ እንጂ! እሳቱን ሲመግብ ይቆይና ባቡሩ ሲቆም ዘይት ጣሳውን አንጠልጥሎ ይወርዳል። ዘንጉን፣ ኩሽኔታውን እየዞረ ይቀባል። እሱ እስኪጨርስ ባቡሩ ቆሞ ይጠብቃል። ሳይቀባ ከሄደ ደግሞ ብረት ከብረት ተፋትጎ ይግላል፣ ይነክሳል።

ወጣት፦ ሲሊንደሩስ? እንፋሎት ታምቆበት ዘይት እንዴት ይገባል?

አዛውንት፦ ዋናው ጥያቄ እሱ ነው። ማኮይ በ1872 ፓተንት ያወጣበት ዕቃ እንፋሎቱን ራሱን ሥራ አስያዘው። ከሲሊንደሩ በላይ የዘይት ኩባያ ተቀምጧል። በመሐሉ ቀጭን ዘንግ ያልፋል፤ ከዘንጉ ሥር ትንሽ ፒስተን፣ ከአናቱ ቫልቭ አለ። እንፋሎቱ ሲገባ ፒስተኗን ሽቅብ ይገፋል፣ ቫልቩ ይከፈታል፣ ዘይቱ ይወርዳል። ሞተሩ እየሠራ ራሱን ይቀባል።

ወጣት፦ እንዲህ ያለ ነገር የፈጠረ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው?

አዛውንት፦ የለም፣ የሌላውን ድርሻ አንውሰድበት። እንግሊዛዊው ጆን ራምስቦተም በ1860 ሌላ ዓይነት ሠርቶ ነበር። ወጥ ላይ ዘይት ሲንሳፈፍ አይተሃል አይደል? ብልሃቱ እሱው ነው። እንፋሎቱ ቀዝቅዞ ውሃ ሲሆን ከዘይቱ ሥር ይተኛና ዘይቱን ከፍ እያደረገ ወደ ሲሊንደሩ ያፈሰዋል። ማኮይ ግን በአንድ ዕቃ አልቆመም። 57 ፓተንት አወጣ፤ አብዛኞቹ የማለስለሻ መሣሪያዎች ናቸው። በ1915፣ በ70 ዓመቱ፣ እጅግ በጋለ እንፋሎት ለሚሠሩ ባቡሮች ዘይትን ከግራፋይት ጋር የሚያቀርብ መሣሪያ አስመዘገበ። ግራፋይት ማለት ያ የእርሳስህ ልብ ነው።

ወጣት፦ በሀብት ተንበሸበሸ በለኛ!

አዛውንት፦ የታባቱ! ገንዘብ ስላልነበረው የብዙዎቹን መብት ለሌሎች አሳልፎ ሰጠ። በራሱ ስም ድርጅት ያቋቋመው በ1920 ነው፤ ያን ጊዜ ሽማግሌ ሆኗል። በ1929 ዐረፈ።

ወጣት፦ ታዲያ በደሉ ጠቀመው ማለት ነው? ዘይት ቀቢ ባያደርጉት ይህን ሁሉ አይሠራም ነበር።

አዛውንት፦ እንዲህ አትበል፣ ልጄ። በደል ማንን ጠቅሞ ያውቃል? ዘይት ጣሳ የጨበጠ ሰው በየጣቢያው ሞልቶ ነበር፤ ችግሩን ወደ ንድፍ የለወጠው ግን የተማረው ነው። በሙያው ቢቀጥሩት ኖሮ ስንቱን ቀድሞ በሠራው!

ወጣት፦ እና እኔ ምን ላድርግ?

አዛውንት፦ የሚገባህን የሥራ መደብ መጠየቅህን አትተው። እስከዚያው ግን ደብተር ያዝ። የትኛው ኩሽኔታ ቶሎ እንደሚግል፣ የትኛዋ የግራሶ ቀዳዳ እጅ እንደማይደርስባት ጻፍ። ቢሮ የተቀመጠው መሐንዲስ ይህን አያየውም፤ አንተ በየቀኑ ታየዋለህ። የማኮይን መጨረሻ ልንገርህና ወደ ሥራህ ተመለስ፦ የአሜሪካ የፓተንት መሥሪያ ቤት በ2012 ዲትሮይት ላይ ቅርንጫፍ ከፈተ፤ ስሙንም በኤላይጃ ማኮይ ሰየመው።