ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ያለው መብራት ለምን ቀላ?

በዕረፍት ጊዜ ሸኮ የሚኖሩት አጎቴ በቡና ሽያጭ ገንዘባቸው ከሚዛን ተፈሪ ባለ 12 ቮልት ኤል.ኢ.ዲ. ስትሪፕ ገዝተው በቴሌቪዥኑ ጀርባ ዙሪያውን ለጠፍንላቸው። ነጩ ሲበራ ግን መነሻው ነጭ፣ ጫፉ ቀላ ያለ ሆነ። «ባለሱቁ አታለለኝ!» ብለው ሊመልሱት ተነሡ። እኔም መልስ አጥቼ አፈርኩ።

በቴስተር ስንለካው መነሻው 12፣ ጫፉ 10 ቮልት አሳየ። ሁለቱ ቮልት በቀጭኑ የመዳብ መስመር ላይ ቀርቷል።

ምክንያቱን እንመልከት። መብራቶቹ ሦስት ሦስት ሆነው በተከታታይ ተያይዘዋል። ሰማያዊውና አረንጓዴው 9፣ ቀዩ 6 ቮልት ያህል ይወስዳሉ፤ ትርፉ ለሬዚስተሩ ነው። ስለዚህ ጫፉ ላይ የሰማያዊውና የአረንጓዴው ትርፍ ከ3 ወደ 1፣ የቀዩ ከ6 ወደ 4 ቮልት ይወርዳል። በኦም ሕግ መሠረት የሰማያዊውና የአረንጓዴው ከረንት አንድ ሦስተኛ ብቻ ሲቀር፣ የቀዩ ሁለት ሦስተኛ ይቀራል። ጫፉ የቀላው ለዚህ ነው።

መፍትሔው ቀላል ሆነ። ስትሪፑ ዞሮ ስለሚመለስ ጫፉ ከመነሻው አጠገብ ነው። አዳፕተሩን ከ220 ቮልቱ ሶኬት ነቅለን፣ አራቱን መስመሮች ምልክታቸውን እያመሳሰልን በአጭር ሽቦ አገናኘን። ነጩ ተመለሰ፤ ባለሱቁም ከወቀሳ ዳነ።

ነገ ከኋላ ወንበር የደበዘዘ ተማሪ ሲያጋጥመንም «ተበላሽቷል» ከማለታችን በፊት ትምህርቱ እስከ ጫፍ መድረሱን እንለካ።